የንጉሡ ወረቀት ባዱ ላይ አለቀ

አደን ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ጠመንጃና እንስሳ ነው። እኔ ግን የድሮ የአደን ጉዞ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ተኩሱ ቀላሉ ሥራ ነው። የአዳኙን ወገብ የሚሰብረው ግመል መፈለጉ፣ ስንቅ ማሟላቱ፣ ደጅ መጥናቱ፣ አብረውት ያሉት ሰዎች እርስ በርስ እንዳይጣሉ መጠበቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እዚህ ቦታ የሚያዘው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አገሩ ካርታ ላይ የአንድ ንጉሥ ሆኖ መሬቱ ላይ ግን የብዙ አለቃ ከሆነ፣ አንድ ወረቀት ይዞ መውጣት ምንም ማለት አይደለም።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ቦታው አርሲና አፋር ነው፣ ጊዜው 1926 ዓ.ም.። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በፈረንጅ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይደምር።

ሰውየው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፣ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ግንቦት 26 ቀን 1902 እንግሊዝ ለጋሲዮን (ኤምባሲ እንደማለት ነው) ግቢ ውስጥ ተወለደ። አባቱ እዚያ የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ ነበር። በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና አገሩ ሲታመስ፣ ራስ ተፈሪ ሕፃኑን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለደኅንነቱ ብለው ያሸሹት ወደዚሁ ለጋሲዮን ነበር። ከዚያ የሰገሌ ጦርነት ሆነ። ድሉ ጃን ሜዳ ላይ ሲከበር፣ ንጉሥ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው ሲያልፉ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ቴሲጀር ቆሞ አይቷል። ስድስት ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ልጅ እንግሊዝ ወስደው ትምህርት ቤት ቢያስገቡት ልቡ የት እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ሲጭኑ በግል ጠሩት። ያኔ የኦክስፎርድ ተማሪ ነው፣ ገና ሃያ ዓመቱ። የዘውዱ በዓል አልቆ ሌላው እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እሱ ሌላ ፈረንጅ ሳያስከትል ለአደን አፋር በረሃ ወረደ። አንድ ወር ያህል ቆየ። ሳላ፣ አምበራይሌ፣ የቆላ አጋዘን፣ የሜዳ ፍየል የሞላበት አገር ነው። ለወጣት አዳኝ ገነት ነው።

ግን ከዚያ ይዞ የተመለሰው ትልቁ ነገር ቀንድ አልነበረም። ጥያቄ ነበር። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይገባም። ታዲያ የት ነው የሚያልቀው? የፈረንጅ ካርታ ላይ መልሱ አልነበረም። አፋሮቹ በደንብ ያውቁታል፣ ከብቶቻቸውን ያጠጡበታል። የጠየቃቸው የለም እንጂ። ወደዚያ በረሃ ከገቡት ፈረንጆችም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሙንዚንገር ፓሻ የሚባለው፣ ለግብፅ የሚሠራው ስዊዘርላንዳዊ በኅዳር 1868 ከነጦሩ አውሳ በሚባለው የአፋር ምድር ላይ አለቀ። ጣሊያናዊው ጁሊየቲ በ1873፣ ሌላው ጣሊያናዊ ቢያንኪ በ1877 እዚያው በረሃ ተገደሉ። በ1920 ሦስት አውሮፓውያን በረሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠው በሕይወት ወጡ፣ አብረዋቸው ከሄዱት አገልጋዮች ግን የተገደሉ ነበሩ።

ቴሲጀር ይህን ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ነው የተመለሰው።

አርሲ፤ መለማመጃው

በ1926 መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ዴቪድ ሃይግ ቶማስ የሚባል ጓደኛ ይዟል። ይህ ሰው በ1924 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለእንግሊዝ ጀልባ የቀዘፈ ስፖርተኛ ነው። በአካል ጥንካሬ ከእሱ የሚበልጥ ጓደኛ ከየት ይመጣል? ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በቀጥታ ወደ በረሃ አልወረዱም። መጀመሪያ ለሁለት ወር ያህል አርሲ ተራሮች ላይ ቆዩ፤ ሰዎቻቸውንና ጓዛቸውን ለመፈተን። አርሲ ደግሞ የደጋ አጋዘን አገር ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። የፈረንጅ ሳይንስ ስም ያወጣለት እንኳን በፈረንጅ 1910 ነው፣ ልክ ቴሲጀር በተወለደበት ዓመት። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ አዳኝ ነኝ የሚል ፈረንጅ ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው።

ምኞቱ ቀላል ነው፣ ማግኘቱ ግን ሌላ ነው። እንስሳው የሚውለው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አስታው ውስጥ ነው። አስታ ቁጥቋጦ እንጂ ጫካ አይመስልም፣ ግን ከገባችሁበት ከሁለት ክንድ ርቀት በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ጠዋት ጉም ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ አልወጣም፣ መሬቱ ጭቃ ነው፣ በቅሎዋም ታዳልጣለች። ማታ ውርጭ ይወርዳል። ከፍታውን ያልለመደ ሰው ሃምሳ እርምጃ ወጥቶ ይቆማል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀና ሲል አጋዘኑ ቀድሞ አይቶታል። አሁንም ቢሆን ወደ ባሌና አርሲ የሚወጣ አዳኝ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መኪናው ብቻ ነው።

ኦሊምፒኩ ቀዛፊ ታመመ። በሽታው አልለቀውም፤ ጉዞውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። (ሰውየው ፈሪ እንዳይመስላችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 29 ቀን 1936 ኖርማንዲ ላይ ከኮማንዶዎቹ ጋር ወርዶ ነው የሞተው።) በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ጡንቻ ምንም ዋጋ የለውም። ሆድና ጉሮሮ ናቸው የሚወስኑት።

አዋሽ ሰባት

ስለዚህ በኅዳር 1926 ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ፈረንጅም እሱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ የሆነው ባቡር እዚያ ድረስ ጓዙን አድርሶለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ግመል ነው። አሥራ ስምንት ግመል፣ አርባ ያህል ሰው። የሰዎቹ አለቃ ዑመር ኢብራሂም የሚባል ሶማሌ ነው። የጉዞው እውነተኛ መሪ ማን ነበር ብትሉኝ ዑመር ነው እላለሁ፤ ቋንቋውን፣ አለቆቹን፣ መቼ መናገር መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነውና። መንግሥትም ለቴሲጀር ወታደሮች ጨምሮ ሰጥቶታል።

እስኪ ይህን አርባ ሰው አስቡት። አማራ አለበት፣ ኦሮሞ አለበት፣ ሶማሌ አለበት። ክርስቲያንም እስላምም። አዳኙ ሳላ ጥሎ መጣ እንበል። ማን ይባርከው? እስላሙ ክርስቲያን የባረከውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም እስላም ያረደውን አይቀምስም። ጥይት መትቶት የሞተ ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ክርክር ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቃል። የውጭ አዳኝ ግን በመጽሐፍ አያገኘውም።

ይሄ ብቻ አይደለም። ቀኑን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። የተነሱት ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 9 ገደማ ደግሞ የዚያ ዓመት ረመዳን ገባ። የሁለተኛው ጉዞ (ሁለተኛም አለ፣ እደርስበታለሁ) ሲጀመር የካቲት 5 ቀን ዐቢይ ጾም ያዘ፣ ፋሲካው መጋቢት 30 ነው። ማለትም ቴሲጀር ሥጋ እያደነ የሚመራው ጓድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ጾመኛ መሆን ያለበት ጓድ ነው። መንገደኛን ሁለቱም ሃይማኖት ያዝኑለታል፣ እሱ እሺ። ግን እናት ቤት ሆነው ሲጾሙ መንገድ ላይ ሥጋ መብላት ለሁሉም ቀላል አይደለም። ግመል ላይ ዱቄትና ሽሮ ያልጫነ አዳኝ ጠመንጃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሰዎቹን አይመግብም።

ባዱ

ባዱ ዛሬ ገዋኔ በምንላት ከተማ አጠገብ፣ በአያሉ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ሜዳ ነው። አዋሽ ያጠጣዋል፣ ሣሩ ለምለም ነው። በዙሪያው ሁሉ በረሃ ሆኖ መሀሉ ላይ እንዲህ ያለ ሣር ካለ ሰው ይጋደልበታል። ተጋድሎበታልም። አፋሮቹ ራሳቸው አሳይማራና አዶይማራ፣ ቀዮቹና ነጮቹ፣ ተብለው ይከፈላሉ፤ ያኔ በሁለቱ መካከል ደም ነበር። በምሥራቅ ደግሞ ኢሳዎች አሉ። ከላይ ደገኛው መንግሥት ግብር ፈልጎ ይመጣል። የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቋቸው፤ ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎ፣ አዳይቱ ላይ በእኛ ዘመንም ስንት ጊዜ ተኩስ ተከፍቷል። ጠቡ አርጅቷል እንጂ አልሞተም።

የውጭ ሰዎች ስለ አፋር በጻፉ ቁጥር የሚወዱት አንድ ነገር አለ፦ ሰው መግደል ክብር ነው፣ ገዳይ ጌጥ ያደርጋል፣ ከሬሳው ምልክት ይወሰዳል። በዚያ ዘመን እውነት ነው። ግን እባካችሁ፣ ደጋውስ? ዝሆን የገደለ የጆሮ ወርቅ ሲያስር፣ አንበሳ የጣለ ጎፈሩን ሲደፋ፣ ፎካሪው «ገዳይ!» እያለ ሲዘል የኖረው የት ነው? እንግሊዛዊውስ ቀንድ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለመስቀል አይደል እንዴ ባሕር የተሻገረው? ባዱ ላይ የተገናኙት ሁሉም ገዳዮች ነበሩ። ግዳያቸው ነው የሚለየው።

ቴሲጀር እዚያ አንድ ወጣት አለቃ አገኘ፣ ወደደውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ወጣቱ በጠላቶቹ ተገደለ። ገና ሰፈራቸው አጠገብ ሳሉ ማለት ነው።

ደብዳቤው የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ከመንግሥት ነው፣ የተጻፈውም ለወታደሮቹ አለቃ፦ ፈረንጁን መልሰህ አምጣ። ስንት ወር የተለፋበት ጉዞ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ በግል የሚያውቁት፣ ዘውዳቸው ላይ የተጠራ ሰው፣ ግመሎቹን አዙሮ ወደ አዋሽ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ መንግሥትን ይወቅሳሉ፤ ቢሮክራሲ፣ ፍርሃት ምናምን። እኔ ከቢሮክራሲው ጎን ነኝ። ያንን መልእክት የጻፈው ጸሐፊ ምን እንደሚያስብ ይታየኛል። ፈረንጅ ጠረፍ ላይ ከሞተ ሬሳው ብቻውን አይመጣም። ካሳ ይመጣል፣ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጦር ይመጣል። በአሰብና በአስመራ ጣሊያን ሰበብ ፈልጎ ቁጭ ብሏል፤ አንድ ዓመት እንኳን ሳይቆይ ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ሰበቡን አገኘ። እንግሊዛዊ ልጅ ባዱ ላይ ቢታረድ ኖሮ አዲስ አበባ «እኛ ባዱን አናዝም» ማለት ነበረባት። የትኛው መንግሥት ነው ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገረው?

ስለዚህ ስድስት ሳምንት ደጅ ጠና። መጨረሻ ላይ የተገኘው መፍትሔ ለዘመኑ ሊቅ የሆነ መፍትሔ ነው፦ ብሞት መንግሥት አይጠየቅም ብሎ ፈረመ። እንግዲህ ይለፍ ወረቀቱ እንዲህ ሲነበብ ትርጉሙ «ሂድ፣ አናውቅህም» ነው።

ዘንጉ

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ግን ከፊርማው የሚበልጥ ነገር ነበረው። የባዱ ትልቅ አለቃ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መንግሥት እጅ ውስጥ ነበሩ፤ ከእሱ ጋር እንዲመለሱ ተለቀቁ። አያችሁ፣ ባዱን የሚያሻግረው ማኅተም ሳይሆን እኒህ ሰው ናቸው። ሽማግሌው ግን ባዱ እንደደረሱ ብዙ ሳይቆዩ ታመው ሞቱ። ከመንግሥት እጅ የወጣ አለቃ ፈረንጅ አስከትሎ መጥቶ ወዲያው ሲሞት ሰው ምን ሊል እንደሚችል አስቡት። አንድ ክፉ ወሬ በቂ ነበር። ሳይነሳ ቀረ፤ እንዲያውም የሟቹ ዘመድ አብሮ ቀጠለ። ይህ የዑመር ሥራ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከባዱ በታች አውሳ ነው፣ የሱልጣን መሐመድ ያዮ አገር። ሱልጣኑ በስም የአዲስ አበባ ተገዢ ናቸው፣ በተግባር ግን ያለፈቃዳቸው አውሳ ውስጥ ሰው አይገባም። ለምን እንግዳ እንደማይወዱ ለመረዳት ካርታ ማየት ይበቃል። በስተኋላ ደገኛው ንጉሥ፣ ባሕሩ በኩል ጣሊያንና ፈረንሳይ። ዛሬ ወንዝ ሊለካ የመጣ ፈረንጅ ነገ ወታደር ሆኖ ላለመምጣቱ ዋስ ማነው? አሰብ የተጀመረው እኮ መርከብ ማቆሚያ ተብሎ ነው።

መልእክተኛ መጣ፤ በእጁ ብር የተለበጠ ዘንግ ይዟል። ያ ዘንግ የሱልጣኑ ቃል ነው። ዘንጉ ያለበት ሰፈር ላይ እጅ የሚያነሳ የለም። አንባቢ ይፍረድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ሳምንት የፈጀ ወረቀት ባዱ ድረስ እንኳን በትክክል አላደረሰም፣ አንድ በትር ግን ያን ሁሉ በረሃ ከፈተ።

ከሱልጣኑ ጋር የተገናኙት በመጋቢት፣ ማታ፣ ጫካ መሀል በተመነጠረ ሜዳ ላይ ነው። ጨረቃ ወጥታለች። ነጭ የለበሱ ታጣቂዎች በዝምታ ተሰልፈዋል። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ሙንዚንገር ከነሰዎቹ ያለቀውም በሌሊት ነበር፣ በዚሁ በአውሳ ምድር፤ ሰፈሩ ውስጥ ያን የማያስታውስ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሱልጣኑ ስለ ጉዞው ጠየቁ። ቴሲጀር በአስተርጓሚ፣ በትዕግሥት፣ ቃል በቃል ማስረዳት ነበረበት፤ ወንዙን ተከትዬ መጨረሻውን ማየት ነው የምፈልገው፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም። በማግስቱ ፈቀዱለት።

ከዚያ በኋላ ያለው፣ በዘንጉ ጥላ ሥር፣ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ሆነ። አውሳ አረንጓዴ ነው፤ ወንዙ ይከፋፈላል፣ ሐይቅ ይሠራል፣ ጫካና ግጦሽ አለው፣ ከብቱ ወፍራም ነው። አዋሽም በመጨረሻ አቤ ሐይቅ ላይ ተገኘ፤ ጨዋማ ውኃ፣ ዙሪያው የተቃጠለ ድንጋይ። አለቀ፣ ይኸው ነው ምሥጢሩ።

አሥራ አራቱ ግመሎች

ሰው ነው የሚገድለው ተብሎ ሲፈራ የነበረው ጉዞ መጨረሻ ላይ የገደለው ግጦሽ ማጣት ነው። ከአቤ ሐይቅ ወዲያ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ነው፣ የዛሬው ጅቡቲ። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። ወሩ ሚያዝያ፣ ከዚያ ግንቦት። በዚያ ወቅት ያንን አገር የሚያውቅ ሰው ግመል እየነዳ አይወርድም። ድንጋዩ የግመሎቹን እግር ቆራረጠው፣ ረሃቡ ጨረሳቸው። እየወደቁ ሲሄዱ ጭነቱ ወደ ቀሩት ተዛወረ፣ የተዛወረባቸውም ወደቁ። ከአዋሽ ከተነሱት አሥራ ስምንት ግመሎች አሥራ አራቱ ሞቱ። አሳል ሐይቅን አልፈው ግንቦት 12 ቀን 1926 ታጁራ ላይ ባሕሩን ያዩት አራት ግመሎች ናቸው። ሰዎቹ ግን ደረሱ።

መንገድ ላይ ዲክሂል የሚባል የፈረንሳይ ጦር ሰፈር አለ። እዚያ የነበረው አዛዥ ቤርናር እንግዳውን በደንብ ተቀበለው። ወረቀቱ በሥርዓት የተያዘ፣ ባንዲራው የተሰቀለ፣ ድንበሩ ካርታ ላይ የተሠመረ ቦታ ነው። ስምንት ወር አለፈ። በጥር 1927 ከኢትዮጵያ በኩል ዘማቾች ኢሳዎችን ለመዝረፍ ያን ድንበር ተሻገሩ። ቤርናር ወታደሮቹን ይዞ ተከተላቸው፤ እሱም አብረውት የነበሩትም በረሃው ላይ ቀሩ።